የቀድሞ ሠራዊት አባላት የአእምሮ ጤና ማገገምና የተፈጥሮ ጉዞ ድጋፍ፦ በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ለሚኖሩ ተገልጋዮችና ለአጋር የንግድ ድርጅቶች የተዘጋጀ መረጃ

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የአካል ቁስሉ ሽሮ፣ ከቤተሰቡ ተቀላቅሎና ሥራውን ጀምሮ እያለ ሌሊት ቅዠት፣ ቀን ደግሞ ድንገተኛ ድንጋጤና ቁጣ ሊቀጥልበት ይችላል። ቤተሰብ ይህንን «ጠባዩ ተለወጠ» ብሎ ሊያልፈው፣ ባለቤቱ ራሱም እንደ ድክመት ቆጥሮ ሊደብቀው ይችላል። ሁኔታው ግን የጠባይም የጀግንነትም ጉዳይ አይደለም፤ ስም ያለው፣ የሚታወቅና የሚታከም የጤና ችግር ነው።

ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚኖሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ ለቤተሰቦቻቸውና በጉዳዩ ላይ ለመተባበር ፍላጎት ላላቸው የንግድ ድርጅቶች የተዘጋጀ ነው። የሕመሙን ምልክቶች፣ አገልግሎቱ የሚገኝበትን ቦታ፣ በተፈጥሮ ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ለማገገም የሚኖረውን ድርሻና ወሰን፣ እንዲሁም ትብብሩ ሊመሠረት የሚችልበትን አግባብ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

ጦርነት ካለፈ በኋላ በስፋት የሚታዩት የአእምሮ ጤና ችግሮች ድባቴ፣ ከፍተኛ ጭንቀት፣ የአልኮልና የሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች ጥገኝነት፣ እንዲሁም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ናቸው። የመጨረሻው ሕመም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመሞች መለያ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ችሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ለምዝገባው ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሁኔታ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት በነበረባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ፣ ማለትም 22 በመቶ ያህሉ፣ ከቀላል እስከ ከባድ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በመሆኑም ችግሩ የጥቂት ሰዎች ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው ሊገኝ የሚችል ነው።

በሀገራችን ከሠራዊት የተሰናበቱ ዜጎችን መልሶ ማቋቋም አዲስ ሥራ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው የቀድሞ ሠራዊት ሲበተን የመልሶ ማቋቋም ኮሚሽን ተመሥርቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቁሟል፤ ኮሚሽኑም በሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዞ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ተግባራዊ ሥራ ጀምሯል። መሬት፣ የሥራ መነሻ ገንዘብና ሥልጠና ለሰው ኑሮ መሠረት ናቸው። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሬቱን ማረስ፣ በሰው መካከል መቀመጥ የከበደው ሰውም ሥልጠናውን መጨረስ ስለሚቸገር የአእምሮ ጤና ክትትል የመልሶ ማቋቋሙ አካል መሆን ይኖርበታል።

2. መታየት ያለባቸው ምልክቶች

የሚከተሉት ምልክቶች ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና የዕለት ኑሮን ካወኩ የጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ሀ. ያለፈው ክስተት ሳይፈለግ በሐሳብ ወይም በሕልም እየተመላለሰ መምጣት፤ አንዳንድ ጊዜም አሁን እየተፈጸመ ያለ ያህል መሰማት።

ለ. ክስተቱን ከሚያስታውሱ ቦታዎች፣ ሰዎችና ወሬዎች መሸሽ።

ሐ. ሁልጊዜ በተጠንቀቅ መሆን፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በቀላሉ መቆጣት።

መ. ቀድሞ ደስ ይል ከነበረ ነገር መራቅ፣ ራስን መውቀስ፣ ከቤተሰብ ጋር እያሉ ብቸኝነት መሰማት።

ሠ. ለመተኛት ወይም ለመርሳት ሲባል አረቄና ሌላ የአልኮል መጠጥ ማዘውተር።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በነሐሴ ወር በቡሄ ሰሞን የሚጮኸው ጅራፍ፣ በዘመን መለወጫና በመስቀል የሚተኮስ ርችት፣ በሠርግና በለቅሶ የሚሰማ ተኩስ ለሌላው ሰው የበዓል ወይም የክብር ድምፅ ሲሆን ከውጊያ ለተመለሰ ሰው ግን ሰውነቱን የሚያንቀጠቅጥ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ቀናት አስቀድሞ መንገርና ጸጥ ያለ ቦታ ማዘጋጀት ዋጋ የማያስወጣ ትልቅ እርዳታ ነው።

3. አገልግሎቱ የት ይገኛል?

የመጀመሪያው በር በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። በጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሁኔታውን ሰምታ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ትችላለች። ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ከትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች አልፎ በመጀመሪያ ደረጃ የጤና ተቋማት እንዲሰጥ የሚያደርገውን የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2010 በሙከራ ደረጃ ጀምራለች። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህንኑ አቅጣጫ የተከተለ ነው።

ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነ ጉዳይ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ለምሥራቅ ጎጃም ነዋሪዎች ቅርብ የሆነው ትልቅ ተቋም የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲሆን ከዚያ በላይ በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ።

ተገልጋዩ ሲሄድ መታወቂያ፣ ቀድሞ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ወይም ማሸጊያቸውን፣ ካለውም የሠራዊት መሰናበቻ ማስረጃውን ቢይዝ ጊዜ ይቆጥባል። የመሰናበቻ ማስረጃ አለመኖር ግን ሕክምና ለማግኘት እንቅፋት ሊሆን አይገባም፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለማንኛውም ዜጋ የሚሰጥ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ የአባልነት ደብተራቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል። የጡረታ መብትን በሚመለከት የመከላከያ ሠራዊት አባላት በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የሚሸፈኑ በመሆናቸው ጥያቄያቸውን ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያቀርባሉ።

ሕክምናው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በተከታታይ የሚደረግ የንግግር ሕክምና ነው። ሁለተኛው በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ለውጥ ለማምጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ «አልሠራልኝም» ወይም «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። ጸበል የሚጠመቅ ተገልጋይም ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መቀጠል ይኖርበታል።

4. የተፈጥሮ ጉዞ ድጋፍ ምንድን ነው?

የተፈጥሮ ጉዞ ድጋፍ ማለት የአእምሮ ጤና ባለሙያ በሚመራው ዕቅድ መሠረት በአነስተኛ ቡድን በተራራ፣ በደን ወይም በወንዝ አካባቢ የሚደረግ የእግር ጉዞ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የድንኳን አዳርና የጋራ ሥራ ሲሆን ዓላማውም ማገገምን ማገዝ ነው። ከሽርሽር የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው፤ ተሳታፊዎቹ አስቀድመው በባለሙያ ይመረመራሉ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተወሰነ ዓላማ አለው፣ ከጉዞው በኋላም ክትትል ይደረጋል።

አሠራሩ በዓለም ላይ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1941 በዌልስ፣ በአበርዶቪ ከተማ የተከፈተው የመጀመሪያው የአውትዋርድ ባውንድ ትምህርት ቤት የተመሠረተው ኩርት ሃን በተባለ መምህርና የመርከብ ድርጅት ባለቤት በነበረው ሎውረንስ ሆልት ትብብር ነው። ዓላማው በጦርነቱ ጊዜ ወጣት መርከበኞች አደጋን የመቋቋም ብርታት እንዲኖራቸው ማሠልጠን ነበር። በኋላ ይኸው ድርጅት በአሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች የጉዞ መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። በዚያው ሀገር በወንዝ ጉዞ የተሳተፉ የቀድሞ ወታደሮችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም ከጉዞው አንድ ሳምንት በኋላ የጭንቀት ምልክቶች ቀንሰው መታየታቸውን አመልክቷል።

ጥቅሙ የሚገኝበት መንገድ ቀላል ነው። ተከታታይ የአካል እንቅስቃሴ እንቅልፍንና ስሜትን ያሻሽላል። ከተመሳሳይ ሕይወት ካለፉ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን መጓዝ ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር ለሚከብደው ሰው ንግግርን ያቀልለታል። ዳገት ወጥቶ መጨረስ ደግሞ «አሁንም እችላለሁ» የሚል እምነትን ይመልሳል።

ወሰኑም በግልጽ መታወቅ አለበት። የተፈጥሮ ጉዞ ለንግግር ሕክምናና ለመድኃኒት ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ከጉዞ በኋላ የሚገኝ እፎይታ ያለ ክትትል ከቀረ በአጭር ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት፣ ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የተዛባ ወይም ከአልኮል ጥገኝነት በመላቀቅ ላይ ያለ ሰው በቅድሚያ በጤና ተቋም መረዳት ይኖርበታል።

5. የጎጃም ደጋ ለዚህ ሥራ ያለው አቅም

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካባቢዋ የሚገኘው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ለዓባይ የሚገብሩ በርካታ ወንዞች መነሻ ነው። ከገብስና ከድንች ማሳዎች በላይ አስታ፣ ጓሳና ጅባራ የሚበቅሉበት ውርጭ ይታያል። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ መመረጡ በአካባቢው እንግዳን ተቀብሎ በእግር የማስጎብኘት ልምድ መኖሩን ያሳያል።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር አለ። ማኅበሩ ፈረሶች በዓድዋና በአርበኝነት ዘመን የነበራቸውን ውለታ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያስባል። ፈረስን መንከባከብ፣ መጫንና መጋለብ ለአርሶ አደር ተወላጅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለሆነም ከውጭ የመጣ ስፖርት ከመማር ይልቅ በሚያውቀው ሥራ በራሱ መተማመኑን እንዲመልስ ይረዳዋል። በተመሳሳይ መንገድ በደቦና በወንፈል የሚሠራ የእርከን ሥራ፣ ችግኝ ተከላና ንብ ማነብ የጉዞው አካል ሊሆኑ ይችላሉ። ጎጃም በ1928ቱ ወረራ ዘመን ብዙ አርበኞችን ያፈራ ምድር ነው፤ ጀግንነታቸው በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ይዘከራል። ዛሬ ከውጊያ ለሚመለሱት ደግሞ ከመታሰቢያው ባሻገር የማይታየውን ቁስል ማከም ተገቢ ነው።

6. የንግድ ድርጅቶች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የንግድ ድርጅት የቀድሞ ወታደሮችን ሲደግፍ በሀገራችን የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ አባላት በኮሪያ ጦርነት ከዘመቱ ከስድሳ ዓመታት በኋላ የኮሪያው ኩባንያ ኤል ጂ ከኮሪያ ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከፍቷል፤ የዘማቾቹ ተተኪ ትውልድም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ነው። ከዚህ ልምድ የሚወሰደው ትምህርት ድርጅት፣ የመንግሥት አካልና የዘማቾች ማኅበር ድርሻቸውን ለይተው ሲሠሩ ድጋፉ ከአንድ ቀን ስጦታ አልፎ ተቋም ሊሆን እንደሚችል ነው።

በጎጃም ደጋ ባለ ሎጅና ሆቴል ማረፊያና ምግብ፣ የትራንስፖርት ማኅበር መጓጓዣ፣ አስጎብኚ ማኅበር መንገድ መሪና በቅሎ፣ የጨርቃ ጨርቅና የጫማ ነጋዴ ብርድ ልብስና ጫማ፣ ባንክና ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ማቅረብ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ዘላቂ የሆነው አስተዋፅዖ ግን ሥራ መስጠት ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአእምሮ ጉዳት ምክንያት የሥራ ዕድሉ የተጓደለበትን ሰው ጭምር የሚሸፍን ሲሆን አሠሪውም ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ግዴታ ይጥላል። ለክትትል ቀጠሮ ፈቃድ መስጠት፣ ከከፍተኛ ድምፅ የራቀ የሥራ ቦታ መመደብና የሌሊት ፈረቃን ማስቀረት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

በሕግ በኩል የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 በዋናነት ለመሠረተ ልማትና ተያያዥ ፕሮጀክቶች የወጣ ነው። በመሆኑም አንድ ሎጅ ወይም የትራንስፖርት ማኅበር ከሆስፒታል ጋር ለሚያደርገው አነስተኛ ትብብር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ተስማሚ መንገድ ነው። በበጎ አድራጎት መልክ የሚሠሩ ማኅበራት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ ይኖርባቸዋል።

7. በመግባቢያ ሰነዱ ውስጥ መካተት ያለባቸው ነጥቦች

1ኛ. ተሳታፊ የሚመረጠው በጤና ተቋሙ ባለሙያ ብቻ መሆኑ፤ ድርጅቱ የሕመም ታሪክ የማይጠይቅና የማይቀበል መሆኑ።

2ኛ. ተሳትፎው በተገልጋዩ ነፃ ፈቃድ ላይ የተመሠረተና በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅሬታ ሊቋረጥ የሚችል መሆኑ።

3ኛ. የተሳታፊ ስም፣ ፎቶግራፍና ታሪክ ለማስታወቂያ የማይውል መሆኑ። ድርጅቱ ስላደረገው ድጋፍ መናገር ይችላል፤ ስለ ታማሚው ግን መናገር አይችልም።

4ኛ. በእያንዳንዱ ጉዞ ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ አንድ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሠለጠነ ሰውና የተዘጋጀ ተሽከርካሪ መኖሩ።

5ኛ. ወጪው፣ የጉዞው ብዛትና ከጉዞ በኋላ የሚደረገው ክትትል በጽሑፍ መወሰኑ።

6ኛ. አገልግሎቱ ቀድሞ በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ፣ በማዕረጉ፣ በፆታው ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ማንንም የማይለይ መሆኑ።

8. የጉዞ ደህንነት

ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊያጋጥም ስለሚችል ከቆላ የመጣ ተሳታፊ ወደ ጮቄ ከመውጣቱ በፊት በደብረ ማርቆስ ወይም በተመሳሳይ ከፍታ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቢያድር ይመረጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር ከተባባሰ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል።

ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውኃ ካጣ የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ሊጨምርና ሊጎዳው ስለሚችል ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። የሚያንገዳግድ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በፈረስና በገደል ዳር መንገድ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በጉዞ ላይ አልኮል አይፈቀድም።

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱን የሚያጨቀይና ወንዞችን የሚሞላ በመሆኑ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ግዴታ ነው። ከጉዞ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከወረዳው አስተዳደርና ከሚመለከተው የጸጥታ አካል ማረጋገጥ፣ ጥርጣሬ ካለም ጉዞውን ወደ ከተማ አቅራቢያ መቀየር ወይም ማራዘም ይገባል። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ የሚመስል ነገር ያየ ሰው ሳይነካ ርቆ ለፖሊስ ያሳውቅ።

9. ከጉዞው በኋላ

ማገገም የሚጸናው በቤትና በቀበሌ ነው። ተሳታፊው በተመለሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከባለሙያው ጋር መገናኘት፣ ከዚያም በተቆረጠለት ቀጠሮ መቀጠል ይኖርበታል። አብረው የተጓዙ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ እንደ ጽዋ ማኅበር ተገናኝተው በእግር ቢጓዙና ቢነጋገሩ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ድጋፉን ያዘልቃል። ቤተሰብ ስለ ጦርነቱ እንዲናገር ማስገደድ የለበትም፤ ሲናገር ግን ሳያቋርጥና ሳይፈርድ ማድመጥ አለበት።

10. አስቸኳይ ሁኔታ

ራሱን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ሐሳብ የገለጸ፣ ስለ ሞት ደጋግሞ የሚናገር ወይም ንብረቱን እየሰጠ የሚሰናበት ሰው ለብቻው መተው የለበትም። የጦር መሣሪያና መርዛማ የእርሻ ኬሚካል ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሳይዘገይም በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ አገልግሎት በሚሰጥባቸው ቦታዎች በነፃ የስልክ ቁጥር 907 ይገኛል። ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ለታመመው ሰው የመናገር ዕድል ይሰጠዋል።

ለመተባበር የሚፈልጉ የንግድ ድርጅቶች ሐሳባቸውን በጽሑፍ ለዞኑ ጤና መምሪያ ወይም ለሚመርጡት ሆስፒታል አስተዳደር ማቅረብ ይችላሉ። ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ አባል እርዳታ የሚሻ ተገልጋይ ግን ትብብሩ እስኪመሠረት ወይም ጉዞ እስኪዘጋጅ መጠበቅ አይኖርበትም፤ ሕክምናው በአቅራቢያው ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።